ደብተሩን ክደንና ንገረኝ

በረሆቦት ቂርያት ሞሼ ሰፈርም ሆነ በኔታንያ ወይም በቂርያት ማልአኪ፣ ማታ ማታ በብዙ ቤት የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። አያት ቡናቸውን አፍልተው ተቀምጠዋል። ክታ ዩድ የገባው የልጅ ልጃቸው የፊዚካ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቢጫና አረንጓዴ ማርከር ይዞ መስመር በመስመር ያቀልማል። አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። አያት ይህን አይተው ደስ ይላቸዋል፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሱለታል፤ ለጎረቤትም «ከደብተሩ ቀና አይልም፣ እግዚአብሔር ይባርከው» ብለው ያወራሉ። ፈተናው ይመጣል። ውጤቱ 54 ይሆናል።

«ሁሉንም አውቀው ነበር፤ ፈተናው ላይ ስቀመጥ ጠፋብኝ» ይላል ልጁ። እናት ወይ ትቆጣለች ወይ ዝም ትላለች። በአሴፋት ሆሪም ማለትም በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ሞራዋ ልጁ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ቢወርድ እንደሚሻለው በትህትና ታስረዳለች። በቤት ውስጥም ቀስ እያለ አንድ ፍርድ ይፈረዳል፦ የዚህ ልጅ ጭንቅላት ለሳይንስ አይሆንም።

ይህ ፍርድ ግን ምስክር ሳይሰማ የተፈረደ ነው። ልጁ ሁለት ሰዓት መቀመጡ እውነት ነው። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደነበር ግን የጠየቀው ሰው የለም። ዓይኑ ሠርቷል፣ እጁም ሠርቷል። ጭንቅላቱ ግን አንድም ጊዜ «እስኪ ያለህን አውጣ» አልተባለም። የመጀመሪያ ጊዜ የተባለው ፈተናው ክፍል ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሽቷል።

የየሂዶት ነገር

አንድ የፊዚካ ፈተና ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል ለሚል ሰው፣ «የሂዶት» የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ስለሱ ሲያወሩ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፤ ብዙዎቹን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለባግሩት ሲዘጋጅ ትምህርቶቹን በተለያየ ክብደት ሊወስድ ይችላል። ሒሳብን በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት ይማራል። በሦስቱም የተማረ ልጅ ካለፈ «ባግሩት አለኝ» ማለት ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርስ ግን ሦስቱ እኩል አይደሉም። ሒሳብን በ5 የሂዶት ላለፈ ተማሪ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ትምህርት ውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ቦነስ ይጨምሩለታል። ፊዚካ፣ ኪሚያና ባዮሎጂም በ5 የሂዶት ሲወሰዱ የየራሳቸው ቦነስ አላቸው። ምህንድስና ወይም ኮምፒዩተር መማር የሚፈልግ ልጅ መንገዱ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። በ3 የሂዶት የጨረሰ ልጅ ከሠራዊት ሲመለስ መኺና ገብቶ ማሻሻል ይችላል፤ በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ ዕድሜም ይበላል።

ውሳኔው የሚመጣው ደግሞ ልጁ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከክታ ቴት ወደ ክታ ዩድ ሲያልፍ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚያም ቀድሞ በሐጢባ፣ «ሃክባጻ» በሚባለው ክፍፍል ተማሪው በደረጃ ተመድቧል። አንዴ ወደ ታች ከተመደበ በኋላ ወደ ላይ መውጣት ዳገት ነው፤ የሚማረው ነገር ራሱ እየተለያየ ስለሚሄድ። ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የሲግድ ሰሞን ስለ ማኅበረሰቡ በሚያወጣው መግለጫም ነገሩ ይታያል፦ ባግሩት በማግኘት በኩል ያለው ልዩነት ጠብቧል፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያን የሚያሟላ ባግሩት በማግኘት በኩል ያለው ግን ሰፊ ነው።

ታዲያ ይህ የጭንቅላት ጉዳይ ነው? በዚህች አገር በቅርብ የተደረገ አንድ ነገር መልስ ይሰጣል። በ2015 የትምህርት ሚኒስትሩ ናፍታሊ ቤኔት ተማሪዎች ሒሳብን በ5 የሂዶት እንዲማሩ የሚያበረታታ ዘመቻ ከፈቱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ5 የሂዶት የሚፈተኑ ልጆች ቁጥር ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ተጠጋ። የእስራኤል ልጆች ጭንቅላት በዚያ ጊዜ ውስጥ እጥፍ አልሆነም። የተለወጠው ማን «ይችላል» እንደሚባልና ምን እንደሚደረግለት ነው።

ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተደረገው ሙከራ

ወደ ማርከሩ እንመለስ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ለተማሪዎች አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች ሰጧቸው፤ አንዱ ስለ ፀሐይ፣ ሌላው ስለ አንድ የባሕር እንስሳ ነበር። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ፣ በአራት ዙር አነበበ። ሌላው ቡድን በአንድ ዙር ብቻ አነበበና በሦስቱ ዙር ጽሑፉ ተወስዶበት ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ጻፈ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 ከመቶ አስታወሱ፣ ሌሎቹ 71። ማንም ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ማንበብ ይሻላል ብሎ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ ጠየቁ። ያን ጊዜ ደጋግመው ያነበቡት የያዙት 40 ከመቶ ነበር። አንዴ አንብበው ሦስት ጊዜ ከራሳቸው ያወጡት 61።

ከሁሉ የሚገርመው ሌላ ነው። ሳምንቱ ከመድረሱ በፊት «ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ይበልጥ እንደሚያስታውሱ እርግጠኛ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ማንበብ ያታልላል ማለት ነው። ገጹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲታይ ዓይን ይለምደዋል፤ ያ መለማመድ ማወቅ ይመስላል። ያ ልጅ «ሁሉንም አውቀው ነበር» ሲል ዋሽቶ አይደለም። ገጹን ያውቀዋል። ያልያዘው ገጹ ውስጥ ያለውን ነገር ነው።

በ2013 ጆን ደንሎስኪ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን አሥር የአጠናን ዘዴዎች አንድ በአንድ መረመረ። ማቅለምና ደጋግሞ ማንበብ ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከተባሉት ውስጥ ወደቁ። ከፍተኛ ጥቅም አላቸው የተባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት መበተን። ለሁለቱም ገንዘብ አይከፈልም።

እንጀራ ሲጋገር ማየት

በታሪክ ትምህርት ደጋግሞ ያነበበ ልጅ የሆነ ነገር ይዞ ይወጣ ይሆናል። ሳይንስ ላይ ግን ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ፊዚካና ኪሚያ ውስጥ ፈተናው የሚጠይቀው የተባለውን እንዲመልስ አይደለም፤ ያልታየ ጥያቄ እንዲፈታ ነው። ብዙ ልጆች ደግሞ ለፈተና የሚዘጋጁት ሞራዋ ሰሌዳ ላይ የፈታችውን ጥያቄ ከደብተራቸው በማንበብ ነው። እርምጃው ሁሉ ግልጽ ይሆንላቸዋል፤ «አዎ፣ ገባኝ» ይላሉ። ይህንን ከአያቶች በላይ የሚያውቀው የለም። እናቷ ስትጋግር አጠገቧ ቆማ ያየች ልጅ ሁሉ ነገሩ ቀላል ይመስላታል፤ አክንባሎውን ራሷ ስታነሳ ግን የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ከማየት የተማረ ጋጋሪ የለም።

አንድ ምሳሌ ይኸውና። ድንጋይ ወደ ላይ ተወርውሮ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፤ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። በዚያች ቅጽበት መሬት ትስበዋለች ወይስ አትስበውም? የስበትን ሕግ በቢጫ ያቀለመ ልጅ ሕጉን በቃሉ ሊል ይችላል፤ ይህን ሲጠየቅ ግን ብዙው «ቆሟልኮ፣ አትስበውም» ይላል። ትስበዋለች፤ ባትስበውማ እዚያው ተንሳፎ በቀረ ነበር። ስህተቱ የሚታየው ልጁ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ደብተሩ ውስጥ አይታይም፤ ደብተሩ ላይ ያለው የሞራዋ ትክክለኛ መልስ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቤት ሥራ መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ አሥሩን በተከታታይ ያስቀምጣሉ። ልጁ የመጀመሪያውን ካገኘ ዘጠኙን እያሰበ አይፈታም፤ ቁጥር እየቀየረ ይሄዳል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች የአራት የተለያዩ ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። አንዱ ቡድን በየዓይነቱ ለይቶ፣ ሌላው ቀላቅሎ ተለማመደ። በልምምዱ ጊዜ የለዩት 89 ከመቶ አገኙ፣ የቀላቀሉት 60 ብቻ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የለዩት ወደ 20 ወረዱ፤ የቀላቀሉት 63 ላይ ቆዩ። ባግሩት ላይ «ይህ ጥያቄ የየትኛው ምዕራፍ ነው» ብሎ የሚነግር የለም። ያንን መለየት ራሱ የትምህርቱ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ቀላቅሎ የሚለማመድ፣ ደብተሩን ከድኖ ራሱን የሚፈትን ልጅ በጥናቱ ጊዜ ብዙ ይሳሳታል፤ ደካማ የሆነ ይመስለዋል። አጠገቡ ያለው የሚያቀልመው ጓደኛው ጎበዝ ይመስላል። ወላጅም ልጁ ሲሳሳት አይቶ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ እዚያው ቤት ውስጥ የተሳሳተው ፈተናው ላይ የሚቀነስ ስህተት ነው።

በበርክሌይ የታየው

ስለ አጠናን ሲወራ ይህን ማኅበረሰብ ከሁሉ በላይ የሚነካው ታሪክ ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ መምህር አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ በሚባለው የሒሳብ ትምህርት በብዛት ይወድቃሉ። ያለ ካልኩለስ ደግሞ ምህንድስናም ሳይንስም የለም። መምህራኑን «ለምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ለእስራኤል አንባቢ እንግዳ አይደለም፦ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰቦቻቸው ስለ ትምህርት ግድ የላቸውም፣ ድሆች ናቸው።

ትራይስማን መልሱን እንዲሁ አልተቀበለም። 20 ጥቁር ተማሪዎችና 20 ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች መርጦ የት እንደሚያጠኑ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደሚያጠኑ ተከታተለ። የመምህራኑ ግምት አንድ በአንድ ፈረሰ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ነበሩ። ቤተሰቦቻቸውም ከልጅነታቸው ጀምረው ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ የለፉላቸው ናቸው። የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ በሳምንት ስምንት ሰዓት ገደማ ያጠናሉ፤ መምህሩ ያዘዘውም ይህንኑ ያህል ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ተገኘ። ከ20ዎቹ ጥቁር ተማሪዎች 18ቱ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር አጥንተው አያውቁም። ትምህርት ለብቻ፣ ጓደኛ ለብቻ ነበር። ሲወድቁም ለምን እንደወደቁ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ሌላው ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ስላላዩ ችግሩ የራሳቸው ብቻ ይመስላቸው ነበር። ቻይናውያኑ በመጀመሪያ ለብቻቸው ያጠናሉ፤ ማታ ግን ይሰበሰባሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ የሠሩትን ያስተያያሉ። አንዱ የተሳሳተበትን ሌላው ያርማል። ሁሉም አንድ ጥያቄ ካቃታቸው ጥያቄው ራሱ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። የድሮ ፈተናዎችን ከቤተ መጻሕፍት አውጥተው ይፈታሉ። አንዳንድ ጊዜም ታላቅ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ መጥቶ ይፈትናቸዋል።

ትራይስማን ከዚያ ያደረገው ነገር ብዙ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ለጥቁር ተማሪዎቹ ተጨማሪ ማጠናከሪያ፣ እዚህ «ቲግቡር» የሚባለውን ዓይነት፣ አልከፈተላቸውም። የማጠናከሪያ ክፍል ልጁን «አንተ ወደ ኋላ የቀረህ ነህ» ብሎ እንደሚጀምር ተረድቷል። በዚያ ፋንታ በትናንሽ ቡድን ሰብስቦ ከክፍሉ የከበዱ ጥያቄዎች ሰጣቸው፤ ለጎበዞች የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው ብሎ ጠራቸው። አብረው ተከራከሩ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተው ተሳሳቱ፣ ተራረሙ። በቡድኖቹ ውስጥ የገቡት ተማሪዎች ካልገቡት እጅግ የተሻለ ውጤት አመጡ። ዘዴውም ወደ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ።

የቤተ እስራኤል ልጆች ቲግቡርን በደንብ ያውቁታል። ብዙዎቹ ከትምህርት በኋላ በትናንሽ ቡድን የሚሰጥ እርዳታ ያገኛሉ፤ ብዙ ልጆችም ተጠቅመውበታል። ወላጅ ግን «ልጄ እርዳታ እያገኘ ነው» በሚለው ብቻ ረክቶ መቀመጥ የለበትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? የቤት ሥራውን ሌላ ሰው እየሠራለት ነው ወይስ ልጁ ራሱ እያሰበ ነው? የሚሰጠው ጥያቄ ከክፍሉ ይቀላል ወይስ ይከብዳል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ከቄሱ ፊት

የሺባ ተማሪዎች ጽሑፍ ሲማሩ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በሐብሩታ፣ እየጮኹ ይከራከራሉ። በዚህ አገር ይህ ይታወቃል፤ ይከበራልም። የቤተ እስራኤል አጠናን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የልጅ ልጆቹም ጭምር።

ጎንደር ወይም ትግራይ ውስጥ በቄስ እጅ የተማረ ሰው ያስታውሰዋል። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፤ አብዛኛውም የተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር። ተማሪው ይሰማል፣ ከዚያ በተራው ያወጣል። ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ትላንት የያዘው ዛሬ እንደገና ይጠየቃል፤ ያልያዘ ወደ ፊት አይሄድም። ማርከር የለም፤ ብዙ ቦታ ወረቀቱም ብርቅ ነበር። ሴንት ሉዊስ ውስጥ በ2006 የተለካው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ከራስ ማውጣት፣ በየቀኑ መመለስ፣ ወዲያው መታረም።

ይህ ማለት ግን ፊዚካ እንደ ጸሎት በቃል ይያዝ ማለት አይደለም። በቃል የተያዘ ሕግ ከላይ የተባለውን የድንጋዩን ጥያቄ አይመልስም። ከቄሱ የሚወሰደው መንገዱ ነው፤ ተጠያቂው ጭንቅላቱ መሆኑ። በዚያ ላይ «ለምን?» የምትለው ቃል ትጨመራለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሽማግሌዎች እጃቸውን ይሰጣሉ። «እኔ ዕብራይስጡን አላነብ፣ ፊዚካ ምን እንደሆነ አላውቅ፤ ምኑን ልርዳው?» ይላሉ። በልባቸውም ልጁ የወደቀው እነሱ ስላልተማሩ ይመስላቸዋል። የበርክሌይን ታሪክ ለሰማ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ደብተሩን ክደንና ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ ለማለት ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልግም። እንዲያውም የማያውቅ ሰው የተሻለ ጠያቂ ነው። ልጁ ለሞራዋ ሲናገር ግማሹን ይዘለዋል፤ እሷ ታውቀዋለችና። ለአያቱ ሲያስረዳ መዝለል አይችልም። «ግፊት» ብሎ ሲያልፍ «ግፊት ምንድነው?» ይባላል።

የቋንቋው ችግር እውነት ነው። ብዙ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም፤ የትግርኛውም እንዲሁ ነው። ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእጅ እያሳየ ያስረዳ። ፊዚካን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ለማሻገር የሚታገል ልጅ ነገሩን ከማንም በላይ አስቦበታል። አስተርጓሚ እናትም መሃል ብትገባ ሦስት ትውልድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለ ኪሚያ አወራ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በብዙ የምሁር ቤት የሌለ ነው።

ደግሞስ ሽማግሌዎቹ ሳይንስ አያውቁም ያለው ማነው? አንጥረኛ የነበረ አያት ብረት እሳት ውስጥ በመጀመሪያ እንደሚቀላ፣ ወናፉ ሲበረታ ወደ ብርቱካንና ወደ ቢጫ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመታና መቼ እንደማይነካ ያውቃል። የልጅ ልጁ ፊዚካ ክፍል ውስጥ በሙቀትና በብርሃን ቀለም መካከል ያለውን ግንኙነት ይማራል። ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ግን ስሙን አያውቅም፣ ሌላው እሳቱን አላየም። ሸክላ የሠራች አያት እንስራ ለምን ውኃ እንደሚያቀዘቅዝ ትጠይቀው፤ መልሱ ከሸክላው ውጭ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የእንጀራ ሊጥስ? በቤር ሸባ በበጋ ቶሎ የሚቦካው፣ በጎንደር በክረምት የሚዘገየው ለምንድነው? ዓይኖቹንስ ምን አወጣቸው? እርሾ ሕያው ነው፤ ይበላል፣ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ምጣዱ ላይ ሲያመልጥ ቀዳዳውን ይተዋል። ይህ ባዮሎጂም ኪሚያም ነው።

ሸክሙ የልጁ ብቻ አይደለም

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ጥፋቱ የልጆቹ አጠናን ነው» ብሎ እንዳይደመድም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጆች ማቅለምን ከራሳቸው አልፈጠሩትም፤ «ፈተና አለ፣ አጥኑ» ይባላሉ እንጂ እንዴት እንደሚጠና የሚያስተምራቸው ጥቂት ነው። ያለው ወላጅ ለሒሳብና ለፊዚካ በየሳምንቱ የግል አስተማሪ ይከፍላል። ያ አስተማሪ ከሚያደርገው ትልቁ ነገር ልጁን እየጠየቀ ማረም ነው። የሌለው ወላጅ ልጅ ያለ ጠያቂ ይቀራል። ከዚያ ውጤቱ ሁለቱን ልጆች በሁለት መንገድ ይልካቸዋል፤ ውጤቱም የጭንቅላታቸው ልክ ተደርጎ ይጻፋል። መምህርት ደግሞ ከልጁ ብዙ ስትጠብቅና ጥቂት ስትጠብቅ ልጁ ያውቃታል።

ስለዚህ አሴፋት ሆሪም ላይ «ልጅዎ ወደ 3 የሂዶት ቢወርድ ይሻላል» ሲባል ወዲያው ራስን መነቅነቅ አያስፈልግም። መጋሼር ወይም ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ይዞ መሄድ ይቻላል። ልጁ የወደቀው የቱ ላይ ነው? ጥያቄውን ሳይረዳ ነው፣ ስሌቱ ላይ ነው ወይስ ከሐጢባ የቀረ መሠረት አለ? ሁለት ወይም ሦስት ወር ተሰጥቶት፣ አጠናኑን ቀይሮ፣ እንደገና ሊፈተን ይችላል? እነዚህን የጠየቀ ቤተሰብ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ሳይጠይቅ የፈረመ ግን መልሱን አያውቀውም።

ወጪ የሌለበት ሌላም ነገር አለ። የትምህርት ሚኒስቴር ያለፉትን ዓመታት የባግሩት ፈተናዎች በድረ ገጹ ያወጣል። የበርክሌይ ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት ያወጡት የነበረውን የሚመስል ነገር እዚህ በስልክ ይገኛል። ሦስት ጎረቤት ልጆች ሐሙስ ማታ አንድ ቤት ተሰብስበው፣ በመጀመሪያ ለየብቻቸው ሞክረው፣ ከዚያ ቢከራከሩበት የሚያስፈልገው ጠረጴዛና ሻይ ነው። ስልኩ ፈተናውን ካወረደ በኋላ ሌላ ክፍል ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ይህን ለማስፈጸም ደግሞ የአያት ሥልጣን ከማንም ይበልጣል።

ሰዓቱም ይከፋፈል። ለፈተና ዋዜማ የተቀመጡ አምስት ሰዓቶች በአምስት ቀን የተበተኑትን ያህል አይሠሩም፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ያወቀውንም አይዝም። ሻባትን የሚያከብር ቤት ልጁ አንድ ቀን ሙሉ ሳያጠና ዋለ ብሎ መስጋት የለበትም። ዓርብ ያየውን በሞጻኤ ሻባት ደብተሩን ሳይገልጥ ቢጠየቅ፣ ምን እንደቀረና ምን እንደጠፋ የሚታይበት ጥሩ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ጥሩ አይሆንም። ልጁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ «በቃ፣ ይኸው ነው» ይላል፤ ይሰለቻል፣ «አያቴ፣ አንቺ አይገባሽም» ሊልም ይችላል። ይሁን። ቡናው እስኪፈላ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። ለምሳሌ ሽምብራው፦ ጎንደር እያለን ሽምብራ ለማብሰል ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ እዚህ ኔታንያ በዚያው ዓይነት ድስት ቶሎ ይበስላል፤ ለምንድነው? ልጁ እሳቱ ስለሚለይ ነው ይላል። እሳቱ አይደለም፤ ውኃው እየፈላ ነው፣ እዚያም እዚህም። ትንሽ ያስባል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ኔታንያ ባሕሩ ዳር ናት። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ይፈላል፤ የፈላው ውኃ ራሱ ከኔታንያው ይቀዘቅዛል። ልጁ ይህንን መሃል ድረስ ያደርሰውና ይቆማል። ግፊት ሲቀንስ ውኃ ለምን ቶሎ እንደሚፈላ አልያዘውም። ደብተሩን ጎትቶ ገጹን ይፈልጋል። ማርከሩን ግን አላነሳውም።